ታስረው ያውቃሉ?

[አንዲት ጠባብ የቁልፍ መሥሪያ ሱቅ። ባለሱቁ ሲናገርም ሲሠራም ስለማይቸኩል ሰፈሩ «ዝግታ» ይለዋል። የታላቅ እህቱ ባል ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት በጡረታ የወጣ ነው፤ ያልተጠየቀውን ሁሉ ስለሚመልስ «ሊቁ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ሊቁ ባንኮው ላይ ያገኘውን የተሞላ ፎርም እያነበበ በስክሪብቶ ይሰርዛል።]

ሊቁ፦ ይኼ ይሰረዝ። ይኼም ይሰረዝ። አንተ ሰውዬ፣ የደህንነት ማጣሪያ ፎርም ነው የሞላኸው ወይስ ንስሐ ነው የገባኸው?

ዝግታ፦ ጋሼ፣ እሱ ፎርም እኮ...

ሊቁ፦ ዝም በል። የአውሮፕላን ማረፊያውን የበር ቁልፎች ሊያስረክቡህ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ታሪክህ እንደታጠበ ብርጭቆ መሆን አለበት። «ታስረው ያውቃሉ?» ለሚለው ምንድን ነው የጻፍከው?

ዝግታ፦ «አውቃለሁ።»

ሊቁ፦ «አላውቅም» ነው የሚባለው።

ዝግታ፦ እንዴት አላውቅም? የታሰርኩት እኮ እኔ ነኝ።

ሊቁ፦ መታሰርህንማ አንተም እኔም እናውቃለን።

ዝግታ፦ ታዲያ ሁለታችንም የምናውቀውን ምን ብዬ አላውቅም እላለሁ?

ሊቁ፦ [ግንባሩን ይዞ] ለመሆኑ በምን ነበር የታሰርከው?

ዝግታ፦ አንዲት ሴትዮ ቁልፍ ጠፋብኝ ብላ በር አስከፈተችኝ። ቤቱ የጎረቤቷ ሆኖ ተገኘ። ቀኑን ሙሉ ጣቢያ ዋልኩ። ሊፈቱኝ ሲሉ ደግሞ የእስር ክፍሉ በር አልከፈት አላቸው፤ እኔው ከፍቼላቸው ወጣሁ።

ሊቁ፦ ይህንንም ጽፈሃል?

ዝግታ፦ ቦታ አነሰኝ እንጂ የጋኑን ዓይነትም እጽፈው ነበር።

ሊቁ፦ ጋን?

ዝግታ፦ የቁልፉን ጋን። በሩ ላይ ያለውን፣ ቁልፉ የሚገባበትን።

ሊቁ፦ ፈጣሪ ሆይ፣ ምን ዓይነት አማች ሰጠኸኝ። ይኼስ? «የውጭ ግንኙነት አለዎት?» ሲሉት «በጣም ብዙ» ይላል።

ዝግታ፦ አለኛ። ቁልፍ የጠፋበት ሰው ውስጥ ሆኖ አይጠራኝም።

ሊቁ፦ የውጭ አገር ሰው ማለታቸው ነው።

ዝግታ፦ እሷም እንደዚያው ብላ ሳቀች።

ሊቁ፦ እሷ ማን ናት?

ዝግታ፦ የማጣሪያ ክፍሉ ኃላፊ።

ሊቁ፦ [ስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ] መቼ አገኘሃት?

ዝግታ፦ ባለፈው ሳምንት። ፎርሙ ገብቷል፣ ጋሼ። አንተ የምትሰርዘው ለእኔ የቀረውን ኮፒ ነው። ቅድም ልነግርህ ስል ዝም በል አልከኝ።

ሊቁ፦ በቃ፣ ጣሉህ።

ዝግታ፦ አለፍኩ። ሰኞ እጀምራለሁ።

ሊቁ፦ ታስረህ አለፍክ?

ዝግታ፦ ጣቢያው ድረስ ጠይቃ እንደጻፍኩት ሆኖ አገኘችው። «ያለፈ ታሪክ ብቻውን ሰው አይጥልም፤ ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደኖረ እናያለን። ግን የሚደብቅ ሰው፣ የደበቀውን ያወቀበት ሁሉ እንደፈለገ ያዘዋል» አለችኝ።

ሊቁ፦ ለማባበል ያህል ነው።

ዝግታ፦ እንጃ። ምሳሌም ነገረችኝ። ድሮ አንድ ሰውዬ ምስጢር መዝገብ ቤት ለመግባት አመልክቶ ነበር አሉ። በልጅነቱ፣ ሰባተኛ ክፍል እያለ፣ ፈተና ሲኮርጅ ተይዞ ተባሯል። ቢጽፈው ስቀው ያልፉት ነበር። ደበቀና ወደቀ። የሰውዬው ነገር ሆዴን በላኝ። ለሰባተኛ ክፍል ኩረጃ ብሎ...

ሊቁ፦ [ሳያስበው] ሰባተኛ አይደለም፣ ስምንተኛ ነው። ደግሞስ ማን ኮረጀ? ክፍሉን በሙሉ ያስኮረጅኩት እኔ ነኝ።

[ዝግታ የያዘውን ሞረድ ቀስ ብሎ ባንኮው ላይ አስቀመጠ።]

ዝግታ፦ እሷ እኮ ስም አልጠራችም፣ ጋሼ።