ሩሯን ያገባት ደጋፊ

ተረት ተረት ልበላችሁ። የላም በረቱ ለዛሬ ይቆየንና ወደ ገና ጨዋታ ሜዳ እንውረድ።

በድሮ ጊዜ በአንድ ጫካ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር እንስሳት በየዓመቱ ገና ይጫወቱ ነበር። ያሸነፈው ሰፈር በጋውን ሙሉ ለምለሙን መስክ ይግጣል፤ የተሸነፈው ገደል ሥር ወርዶ እሾህ ይቆረጥማል። ገደሉ ሥር ደግሞ የአያ ጅቦ ጉድጓድ አለ። ሕጉ አጭር ነበር፦ ተመልካቹ ሜዳ የገባበት ሰፈር ይሸነፋል።

አያ አህያ የታች ሰፈር ሰው ነው። ዱላ መያዝ አይችልምና አይጫወትም፤ በጩኸት ግን የሚደርስበት የለም። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። ያን ቀን ጠዋት፣ «አደራህን፣ ሆዴ ገፍቷል፤ ከጅብ ደጅ አልወልድም። ደግፈህ ብቻ ና፣ ጠላ እንዳትቀምስ» አለችው።

«እኔ? ምን በወጣኝ» አለ።

ሜዳው ዳር ሲደርስ አያ ጅቦ ጋን ሙሉ ጠላ ይዞ ተቀምጧል። ጅብና ቸርነት የት ተዋውቀው? ግን የነጻ ጠላ ሲገኝ ማን ይጠይቃል።

«ጠጡ ጌቶቼ፣ ጉሮሮ ሲርስ ድጋፍ ያምራል» አለ ጅቡ።

አያ አህያ አንዱን ዋንጫ ለወግ ጠጣ፤ ሁለተኛውን ለሰፈሩ ክብር፤ ሦስተኛውን ለምን እንደጠጣ እሱም አያውቅም።

ከዚያማ ምኑ ቅጡ። ለላይ ሰፈር የሚጫወቱትን ጎሾች አለቃ በእናቱ ሰደበ። አጠገቡ የቆመውን ከርከሮ፣ የገዛ ሰፈሩን ልጅ፣ «በደንብ አልጮህክም» ብሎ ረገጠው። ዳኛው ኤሊ ነበር። ኤሊን የሾሙት ፍትሕ አዋቂ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፤ ድንጋይ ሲወረወርበት የሚገባበት ቤት ስላለው ነው። አያ አህያም የድርሻውን በእግሩ አስፈነጠረበት። «ነውር ነው» ቢሉት፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰማችሁም?» አለ። ይህ የተባለው ለተጫዋች እንጂ ለሰካራም አለመሆኑን ማን ይንገረው።

እኩል ለእኩል እንደሆኑ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ያኔ የታች ሰፈሯ ጦጣ ሩሯን፣ ያቺን ድቡልቡል የእንጨት ኳስ፣ በዱላዋ ጠለዘቻት። ሩሯ እየተንከባለለች ወደ ጎሾቹ ግብ ሄደች። የሚያስቆማት አልነበረም። ዝም ቢሏት ትገባ ነበር።

አያ አህያ ግን ዝም ማለት መቼ ለምዶ። ደስታው ከጠላው ጋር አናቱ ላይ ወጣና ዘሎ ሜዳ ገባ፤ ሩሯን በኋላ እግሩ ለጋት። «አገባሁ!» እያለ መሬት ላይ ተንከባለለ።

ኤሊ አንገቱን በትንሹ ብቅ አደረገ። «ተመልካች ሜዳ ገብቷል። ታች ሰፈር ተሸንፏል» አለና ተመልሶ ገባ። የድንጋይ መዓት ቢያወርዱበትም ሁለተኛ ብቅ አላለም።

በማግስቱ ታች ሰፈሮች አንገታቸውን ደፍተው ወደ ገደሉ ሥር ወረዱ። አያ አህያ ራሱን እየፈለጠው፣ «የሆነው ሆኖ ሩሯን ያገባኋት እኔ ነኝ» ይላል፣ የሰማውም ያልሰማውም እንዲያውቅለት። አያ ጅቦ ጉድጓዱ በር ላይ ቆሞ፣ «ቤት ለእንግዳ፣ ጀግናዬ» ብሎ ተቀበላቸው።

ሚስቱ ሆዷን ይዛ ባሏን አየችው።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ይከፋኝ ነበር» አለች። «ለካ አፍረው ነው ያሳጠሩት። ባያስጥልስ ምን ነበረበት፤ የእኔው ጌታ ጠላውን ጠጥቶለት እኔን እደጁ ድረስ አመጣኝ።»