ያልነቀልኩት ሶኬት

ትልልቅ ወንድሞች አንድ ዕድሜ ላይ ሲደርሱ ስለ ልጅነታቸው ጌም ማውራት ይጀምራሉ። ያሁኑ ጌም ጌም አይደለም ይላሉ። እኔ ሰለቸኝ።

ወንድሜ ከድር ሃያ ሰባት ሊሞላው ነው። ዊንጌት ሱቅ አለው፣ ሚስት አለው። እሁድ እኛ ቤት ለምሳ ሲመጣ ግን ወሬው ያው አሮጌው ፕሌይስቴሽን ነው። ያኔ ሜሞሪ ካርድ አልነበረውም። ማሽኑ ከጠፋ ጨዋታው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ምን ያደርጋል? ቴሌቪዥኑን ብቻ አጥፍቶ፣ ማሽኑ ላይ የእማዬን ሻሽ ጣል አድርጎ ትምህርት ቤት ይሄዳል። አራት ቀን እንዲህ ከረመ። መብራት እንኳን አልሄደም፤ ለኛ ሰፈር ይሄ ራሱ ተአምር ነው። የእግር ኳስ ጌሙ ላይ ለዋንጫ ደረሰ። በአምስተኛው ቀን ሲመጣ ሶኬቱ ተነቅሏል።

ከእማዬ ሌላ ቤት የነበርኩት እኔ ነኝ፣ የስድስት ዓመት ልጅ። በቃ፣ እኔ ሆንኩ።

አልነቀልኩም። ግን ሰው ፊት አፌ አይፈታም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር "ዋንጫዬን የበላችው ይቺ ናት" ይላል። ሰርጉ ላይ የሚስቱ እናት ሲስሙኝ እንኳን፣ "ሶኬት የነቀልሽው አንቺ ነሽ እንዴ?" አሉኝ።

ባለፈው እሁድ ደግሞ ያንኑ ዓይነት ማሽን አሮጌ ገዝቶ መጣ። ሜሞሪ ካርድስ? "ያለ እሱ ነው የሚጥመው" አለ። ግማሽ ፍጻሜ ሲደርስ የሰላት ሰዓት ሆነ።

"ሀያት፣ እንዳትነኪ" ብሎኝ ወደ መስጊድ ሄደ።

እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ማሽኑን ስጠብቅ ቆየሁ። ዛሬ ምንም ካልሆነ ስሜ ይጸዳል ብዬ ነው።

እማዬ ቀሚስና ካውያ ይዛ ገባች። ሳሎናችን ውስጥ ያለው ሶኬት አንድ ነው። ቀጥ ብላ ሄዳ ነቀለችው፣ ካውያውን ሰካች።

"እማዬ" አልኩ። ጣቴን ወደ ሶኬቱ ቀሰርኩ።

"ያኔም የነቀልኩት የሱን ቅያሪ ዩኒፎርም ልተኩስ ብዬ ነው" አለች፣ ቀና እንኳን ሳትል። "ምግብ አልበላም ሲል ፈራሁ። አንቺም ዝም ስትዪ ጊዜ ተውኩት።"

ተኩሳ፣ ለብሳ፣ ካውያውን መልሳ ስታበቃ ከድር ገባ። የጨለመውን ቴሌቪዥን አየ። ከዚያ እኔን አየ። አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ በዚህ ጊዜስ ልናገር ነበር።

እማዬ ቀደመችኝ። ትኩስ ቀሚሷን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማ፣ "ተዋት ልጄ፣ ልጅ ናት" አለችው።

ከድር ተነፈሰ። ልቡም ራራ። ይቅር አለኝ፤ ለያኔውም፣ ለዛሬውም።