ከድንኳን ብረት የተሠራችው ምርኩዝ

እግር እንደ ደህና ጎረቤት ነው፤ ሰላም እስከሆነ ድረስ ስሙን የሚያነሳው የለም። የከዳ ዕለት ግን ከእሱ ሌላ ወሬ የለም። በተለይ በእኛ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ያውም በክረምት፣ ጭቃው አንዱን ጫማ ሲለቅ ሌላውን በሚይዝበት ሰሞን፣ ጤነኛውም ሰው ከበሩ የሚወጣው አማትቦ ነው። እግር ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፣ አንድም ለታክሲ ግፊያ፣ አንድም ለለቅሶ። ሁለተኛው ይበልጣል። ታክሲ ያመለጠው ሌላ ይጠብቃል፤ ለቅሶ ያመለጠው ግን ራሱ የሞተ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮቹ ብቻቸውን ያለቅሱለታል።

እትዬ ብዙነሽን እንቅልፍ የነሳቸው ይኸው ነበር። አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጅ የላቸውም፣ ጉልበታቸው ከተያዘ ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ጠሩኝና «አንተ ኢንጂነር፣ ለሰው ሁሉ በር ትሠራለህ፤ እኔ መውጫ እግር ሳይኖረኝ በር ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። «ቀላል የሆነች ምርኩዝ ሥራልኝ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ የማይጮህባት፣ ሲደክመኝ ደግሞ የምቀመጥባት። ሁለት ዓመት ሙሉ የማንንም ሬሳ አልሸኘሁም። እኔን ማን ሊቀብረኝ ነው?»

ይህን ሲሉኝ ፊቴ ለምን እንደጠቆረ አላወቁም። አንባቢም አያውቅምና ልንገር።

ልክ ይህችኑ፣ ታጥፋ ዘምቢል ውስጥ የምትገባ፣ ተዘርግታ ሰው የምታስቀምጥ ምርኩዝ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለመመረቂያ ሥራዬ ነድፌያታለሁ። አማካሪዬ ወረቀቴን በሁለት ጣቱ አገላበጠና «የልጅ መጫወቻ» ብሎ ለማለፍ ብቻ የምትበቃ ውጤት ወረወረልኝ። (አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ በልቤ አንተ ካልኩት ግን ብዙ ዓመት ሆነኝ።) ንድፉ ያለበት ደብተሬ እሱ ጋ ቀረ። በዓመቱ መጫወቻዋ በእሱ ስም ተሸለመች። አቤት ብል «ማስረጃህን አምጣ» ተባልኩ። ማስረጃዬ እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው ብል ተሳቀብኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። የኔን ሞፈር የቆረጠው ሰው ዶክተር ተባለ፤ እኔ አስኮ መንገድ ዳር የብረት በርና መስኮት እበይዳለሁ።

ይባስ ብሎ ዶክተሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛው ሰፈር፣ ከእኔ ሁለት ቅያስ ዝቅ ብሎ፣ ፎቅ ቤት ሠርቶ ገባ። የእድራችንም አባል ሆነ። ለቤት ምረቃው ሰፈሩ ሁሉ ተጠርቶ ስለነበር እኔም ሄድኩ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ በመስታወት ውስጥ፣ የምርኩዜ ፎቶግራፍና የሽልማት ወረቀቱ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ክትፎውን ከሥራቸው ቆሜ በላሁ። ጥሩ ክትፎ ነበር።

እንግዲህ የእትዬ ብዙነሽን ምርኩዝ ስሠራ ለጉልበታቸው ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ያ ሰው አንድ ቀን፣ በሰው ፊት፣ «ሥራው የሱ ነው» እንዲል እፈልግ ነበር። ሦስት ቃል ናት። ከዚያ ሌላ ካሳ አላማረኝም።

ችግሩ ብረቱ ነበር። ገበያ ያለው ቱቦላሬ ብረት ወፍራሙ ይከብዳል፣ ቀጭኑ ገና ሲደገፉት ይጎብጣል። የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ጋሽ ወልዴ ያረጀ ድንኳን አውጥተው ሊጥሉ ሲሉ ደረስኩ። የድሮ ብረት ነው፤ ቀጭን፣ ቀላል፣ ስንት ዝናብና ስንት እንባ ችሎ ያልጎበጠ። «ቆሼ ከሚሄድ አንተ ብትወስደው ይሻላል» አሉና ሸራውንም መረቁልኝ። እዚህ ላይ የተማረ ሰው ብቻ የሚሠራውን ስህተት ሠራሁ። ብረት ብረት ነው ብዬ አሰብኩ።

ሦስት እግር አበጀሁላት። ከመኪና ጎማ ቆርጬ ጫማ አደረግሁላቸው፤ ለአስፋልት ሲሆን ጫማዋ ይጠለቃል፣ ለጭቃ ሲሆን ወልቆ ሹሉ ይወጣል። መቀመጫዋን ከድንኳኑ ሸራ ሰፋሁት፤ ገልብጦ ላየው የእድሩ ማኅተም ደብዝዞ ይታያል። መቆለፊያዋን ሦስት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁት። ስትዘረጋ «ቀጭ» ትላለች፤ ጥርት ያለች፣ አጭር ድምፅ። ያን ድምፅ ለብቻዬ ደጋግሜ እየዘረጋኋት ሳዳምጥ ዋልኩ። ዛሬ ቢሆን ቅባት አጠጣት ነበር።

እትዬ ብዙነሽ እግር ባገኙ ማግስት ሕሙም ሊጠይቁ ወጡ። መጀመሪያ የሄዱት አልጋ ከያዙ የቆዩት ልብስ ሰፊው አቶ ታደሰ ቤት ነው። ከመግባታቸው በፊት ትንፋሻቸውን ሊሰበስቡ ደጁ ላይ ዘረጓት። ቀጭ። በሦስተኛው ቀን እዚያው ደጅ ድንኳን ተተከለ። ቀጥለው ኩላሊታቸውን የታመሙ አንዲት እናት ዘንድ ሄዱ። ቀጭ። በሁለተኛው ቀን ድንኳን። ሰው ማንሾካሾክ ሲጀምር የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አስረዳሁ። ሴትዮዋ የሚጠይቁት የታመመ ሰው ነው፤ የታመመ ሰው ይሞታል፤ ምን ይገርማል? ሰልፈኛው ራሱን ነቀነቀልኝ። አንዱ ብቻ «የኛ ሰፈር ሕሙማን ግን ድሮ ይቆዩ ነበር» አለኝ።

ሦስተኛው እንጨት ነጋዴው መኮንን ነው። መኮንን አልታመመም። የባሕር ዛፍ ግንድ በአንድ ትከሻው ተሸክሞ እያፏጨ የሚሄድ ሰው ነበር። እትዬ ብዙነሽ ዝናብ ይዟቸው ደጁ ላይ ዘረጉ፤ እሱም ሻይ አውጥቶ ሰጣቸው፣ ተጨዋወቱ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መጋዙ አጠገብ ወደቀ፤ አልተነሳም። ድንኳን ለመትከል ከሄዱት አንዱ እኔ ነበርኩ። ደጁ ላይ ሦስት ቀዳዳ አየሁ። የእኔዋ ሹሎች የበሷቸው፣ የዝናብ ውኃ ያቆሩ። አንዱ ልጅ የድንኳኑን ካስማ ይዞ መዶሻ ሲፈልግ ካስማው ከእጁ አመለጠውና አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ጥልቅ አለ። አልተነቃነቀም። ሰይፍ ወደ አፎቱ እንደተመለሰ ነበር የገባው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሕሙማን ለማንም አላስረዳሁም።

የዚያ ክረምት ጠዋቶች ጭጋጋቸው ከአጥር እስከ አጥር ነው። ሰው አይታይም፣ ኮቴ አይሰማም፤ ድንገት ግን ከነጩ ውስጥ «ቀጭ» ትላለች። ወዲያው ሬዲዮ ይጠፋል፣ በር ይቀረቀራል። ደፋር የሆነው ወንበር ተሸክሞ እየሮጠ ይወጣል፤ «እትዬ፣ በሞቴ እዚች ላይ፣ ይቺ ትመችዎታለች» ይላል። «በሞቴ» ማለቱ ትዝ ሲለው ደግሞ ፊቱ ይገረጣል። እትዬ ብዙነሽ የሚያውቁት ነገር የለም። «የዘንድሮ ሰው እንዴት ያለ አክባሪ ሆነ» ይሉኛል።

አሁን የምናዘዘውን ካህኑም አልሰሙም። አንድ ጠዋት እትዬ ብዙነሽ ወደ መድኃኔዓለም በየት በኩል ብሄድ ይሻለኛል ብለው ጠየቁኝ። በዶክተሩ ቅያስ ይሂዱ፣ ጭቃ የለውም አልኳቸው። ጭቃማ ነበረው። እዚያ ዳገት ላይ፣ ልክ የእሱ በር ጋ ሲደርሱ፣ ማንም ጉልበት እንደሚዝል አውቃለሁ፤ መሐንዲስ ነኝ። ከኋላቸው ሆኜ በጭጋጉ ውስጥ ጆሮዬን ቀሰርኩ። ቀጭ። ቀና ስል ከጭጋጉ በላይ ዶክተሩ በረንዳው ላይ ፒጃማውን እንደለበሰ ቆሞ ቁልቁል ያያቸዋል።

እሁዱን አስቸኳይ የእድር ስብሰባ ተጠራ። ያስጠራው ዶክተሩ ነው። የእድሩ ዳኛ ነገሩን ከፈቱና፣ ይህች ዕቃ ሰፈሩን ስላሸበረች ባለቤቷ ይታወቅ አሉ። ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይቺ የእርስዎ አይደለችም እንዴ? ሳሎንዎ ውስጥ ተሰቅላ አይተናታል» አሉ። ቤቱ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ከጎኑ የተቀመጡት ሰውዬ አግዳሚው ላይ ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ አየሁ።

ዶክተሩ ተነሳ። «እኔ አልነደፍኳትም» አለ። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሥራው የሱ ነው።» በጣቱ እኔን አሳየ። ቀጥሎ ከኮቱ ውስጥ አንድ ደብተር አወጣ። ደብተሬን። ሽፋኑ ላይ ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ በተማሪነት እጅ ጽሑፌ። «ማስረጃው ይኸው፤ የኔ እጅ አንዲት መስመር እንኳ የለበትም» ብሎ ማለ። የግድግዳውንም ፎቶ ትናንት አውርጄ አቃጥዬዋለሁ አለ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ ስሜን እስከ አያቴ አሰፈረ፤ ተሰብሳቢው በሙሉ ፈረመ፤ የዶክተሩ ፊርማ ከሁሉም ትልቅ ነበር። ምን ልደብቅ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንኳን ደስ አለህ ያለኝ ግን አልነበረም።

ቀጥሎ ምን ትደረግ ሆነ። ጋሽ ወልዴ ተነጥቃ ትቅለጥ አሉ። ያኔ እትዬ ብዙነሽ፣ ሁሉንም ገና የሰሙት እዚያው ነበርና፣ ያችኑ ምርኩዝ ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። «አቅልጡኛ፤ እግሬን አቅልጡት» አሉ። «እኔ የወጣሁት ላለቅስላችሁ ነው። ከቤት ከቀረሁ ሞቴን ማን ያየዋል?» ጋሽ ወልዴ መሬት መሬት አዩ። ዳኛው ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና ፈረዱ። ምርኩዟ አትነጠቅም፤ ነገር ግን ማንኛውም እድርተኛ ደጅ ላይ አትዘረጋም። «ታዲያ ሲደክመኝ የት ልረፍ?» አሉ እትዬ ብዙነሽ። ዳኛው ቃለ ጉባኤውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ባለቤቱ ታወቀ አይደል? ባለቤቱ ደጅ ይረፉ» አሉ። እጅ ለማውጣት ዶክተሩን የቀደመው የለም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እውነቱ ይኸው ጠራልኝ፤ ንጋቱ ግን አሁንም ጭጋግ ነው። በየጠዋቱ ቁርሴን ሳልጨርስ ከውጭ ቀጭ ትላለች። ደጄ ላይ ሦስት ቀዳዳ ነበር፤ በጠጠርና በሲሚንቶ ደፈንኩት። በማግስቱ ከዚያ አንድ ስንዝር ፈንጠር ብሎ ሌላ ሦስት ተበሳ። ጎረቤት ሲያልፍ ስሜን እስከ አያቴ ጠርቶ ሰላም ይለኛል፤ አይቆምም።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ብዙነሽ ከወትሮው ረዘም አድርገው ተቀመጡ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ፊቴን ትክ ብለው አዩት። «ምነው ከሳህብኝ፣ ልጄ?» አሉኝ። ምንም አልሆንኩም አልኳቸው። የመቀመጫዋን ሸራ በፍቅር ዳሰስ ዳሰስ አደረጉትና «አይዞህ» አሉኝ፤ «አንተን ያቆይልኝ እንጂ፣ ከእንግዲህ የማንም ለቅሶ አያመልጠኝም።»