መንግሥት ፈቃድ ሊያሳድስ የመጣ ዕለት

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። ሕልም የሚታየው ሌሊት ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ሌሊት መተኛት ካቃተኝ ቆይቷል፤ ሕልሜም ባገኘው ሰዓት ይመጣል።

ወፍጮ ቤት አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እህል ፈጭቻለሁ። ከዚያ ውስጥ ስንቱን ወፍጮው አጠገብ፣ ስንቱን ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር እንዳሳለፍኩት አላውቅም። ፈቃድ አሳድስ ይሉኛል፣ ማረጋገጫ አምጣ ይሉኛል፣ ማረጋገጫው ትክክለኛ ለመሆኑ ሌላ ማረጋገጫ አምጣ ይሉኛል። በሕልሜ ነገሩ ሁሉ ተገልብጦ አገኘሁት። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። በእጄ ክብ ማኅተም ይዣለሁ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ደግሞ መንግሥት ተሰልፏል።

ማንም አላስረዳኝም፤ ግን አውቀዋለሁ። በዚያ አገር መንግሥት የሚሠራው በሕዝብ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ፋይሉን ይዞ ሊያሳድስ ይመጣል። ዕለቱ የመጨረሻው ቀን ነበር። ሰልፉ መናኸሪያውን ዞሮ እስከ ከብት ገበያው ደርሷል። ዳኛው ካባውን አጣጥፎ ክንዱ ላይ ጥሎታል። ግብር ሰብሳቢው ካርቶን ዘርግቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሰልፉን የምታስከብረው እህል የምታመላልስልኝ አህያ ናት። ፖሊሱን ሁለት ጊዜ ፈትሻ አሳለፈችው፤ እሱም ሁለቱንም ጊዜ እጁን ወደ ላይ አድርጎ አመሰገናት።

የመጀመሪያው ባለጉዳይ ቀረበ።

«ጉዳይዎ ምንድነው?» አልኩት።

«የውኃ ኃላፊ ነኝ ጌታዬ። ሰፈርዎ ውኃ እንድለቅ እንዲፈቅዱልኝ ነው።»

«ሦስት ጉርድ ፎቶ ይዘዋል?»

«ሁለት ነው የያዝኩት።»

«ነገ ይምጡ።»

እጅ ነስቶ ሄደ። ይህን ቃል ለአንድ ኃላፊ መናገር ዕድሜ ልኬን ተመኝቼዋለሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ምንም አልመሰለኝም። ውኃ የሚቀርበት የእኔው ሰፈር መሆኑ ትዝ ያለኝ ሰውዬው ከሄደ በኋላ ነው።

ከቀኜ ባለው መስኮት ዘሃራ ተቀምጣለች። ዘሃራ በእውኑ ዓለም ከወፍጮ ቤቴ ቀጥሎ ልብስ የምትሰፋ ጎረቤቴ ናት። በሕልሜም መርፌዋን አልለቀቀችም፤ በአንድ እጇ ማኅተም ትመታለች፣ በሌላው ቁልፍ ትተክላለች።

«ዕጩዎች ይቅረቡ» አለች አህያዋ።

የአገሩ ደንብ እንዲህ ነበር። መመረጥ የሚፈልግ ሰው ሁለት ጆንያ ይዞ ይመጣል። በአንደኛው ስለ ፈጣሪ የተናገረውን ሁሉ ይሞላበታል። በሁለተኛው ቢመረጥ እጁን የማያስገባባቸውን ቦታዎች ዝርዝር ያደርግበታል። እኔ ሁለቱን በወፍጮ ቤቴ ሚዛን እመዝንና ማኅተሙን ለማን እንደምመታ እወስናለሁ።

መጀመሪያ የመጡት አቶ ሕሩይ ናቸው። ነጭ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተዋል። አንደኛውን ጆንያ አራት ሰው ተሸክሞላቸዋል። ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጡት ወለሉ ተንቀጠቀጠ። የጆንያውን አፍ ስፈታው ጸሎት እንደ ስንዴ ተንዠቀዠቀ። ጆሮዬን ዘንበል አድርጌ ሳዳምጥ ከመሐል አንድ ስም ሰማሁ።

«ወለተ ሐና።»

ይህ የእናቴ የክርስትና ስም ነው። ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ከእኔና ከነፍስ አባቷ በቀር ይህን ስም የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

«እንዴት አወቁት?» አልኳቸው።

«ለሕዝቤ በስም በስም ነው የምጸልየው ጋሽ ወንዳፍራሽ» አሉ እንባቸው እየወረደ። «ይህች ከተማ እንደ እናትዎ ባሉ ሰዎች ጸሎት የቆመች ናት። እኔ የምፈልገው ያንን መመለስ ብቻ ነው።»

አለቀስኩ። ዱቄት የለበሰው ፊቴ ላይ እንባዬ ሊጥ ሆነ። በሕይወቴ ሥልጣን የሚፈልግ ሰው እናቴን በስሟ ጠርቶልኝ አያውቅም። ማኅተሙን ልመታ እጄን ሳነሳ አህያዋ በአፍንጫዋ ወደ ሁለተኛው ጆንያ ጠቆመችኝ።

ሁለተኛው ጆንያ ባዶ መሰለኝ። እጄን እስከ ክርኔ ብሰድ አንዲት ወረቀት አገኘሁ። እንዲህ ትላለች፦ «ብመረጥ እጄን የማላስገባባቸው ቦታዎች፦ አንደኛ፣ ጨረቃ፤ ለጊዜው።»

«ይኸው ብቻ ነው?»

«ልብ ንጹሕ ከሆነ ዝርዝር ምን ያደርጋል?» አሉኝ። «አጥር የሚሠሩት ሌባ ለሚፈሩት ነው። እኔን ይፈሩኛል?»

በእውነት አልፈራኋቸውም። እንዲያውም እጃቸውን ልስም ሁሉ ዳድቶኝ ነበር።

ይህን ጊዜ ዘሃራ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ባለፈው ዓመት እኔም ለእኔው ሰው መታሁለት።»

«የእናንተም ያለቅሳል?»

«የእኛማ ይንሰቀሰቃል። ከአባቴ ጎን የሚሰግድ ሰው ነበር፤ አባቴ ሲሞትም አስከሬኑን ያጠበው እሱ ነው። ታዲያ እንዴት እምቢ እላለሁ? ዝርዝሩንም አላነበብኩም፤ ነውር መሰለኝ።»

«ከዚያስ?»

«አሁን ለስግደት ታጥቤ ውዱእ ሳደርግ ደረሰኝ አስቆርጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ደረሰኙ ረጠበብኝና የአሥር ሰዓቱ ስግደት አልተያዘልሽም አሉኝ።» ቁልፉን ገልብጣ አየችው። «ሰውዬው መጥፎ ሰው አይደለም። አሁንም ያለቅሳል። ደረሰኙን የሚሰጠኝ እያለቀሰ ነው።»

አቶ ሕሩይ ይህን ሁሉ እየሰሙ በትዕግሥት ፈገግ ብለው ቆመዋል።

ሁለተኛዋ ዕጩ ወይዘሮ ትርሲት ነበሩ። አጠር ያሉ፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሚመስሉ፣ ሰላምታቸው ደረቅ የሆነ ሴት ናቸው። አንደኛውን ጆንያ ባዶውን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘውታል። ሁለተኛውን ራሳቸው እየጎተቱ አመጡት። ዝርዝሩን አውጥቼ ስዘረጋው ከመስኮቱ አልፎ፣ የግብር ሰብሳቢውን ካርቶን ተሻግሮ፣ እስከ አስፋልቱ ደረሰ። ተራ ቁጥር አንድ፣ የሰው አፍ። ተራ ቁጥር ሁለት፣ የሰው መኝታ ቤት። ተራ ቁጥር ሦስት፣ የሰው ወፍጮ። እዚህ ላይ ስደርስ ደግሜ አነበብኩት። ወፍጮን ማንም ጽፎልኝ አያውቅም።

«እግዚአብሔርን ያምናሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ተራ ቁጥር አራትን ይመልከቱ።»

ተመለከትኩ። «ሰው በልቡ የያዘው እምነት» ይላል።

«ይህ እኮ የእኔ እምነት ነው። እኔ የጠየቅኩት ስለ እርስዎ ነው» አልኳቸው።

«የእኔም የተጻፈው እዚያው ላይ ነው» አሉ።

መልሱ ትክክል ነው፤ ግን አላሞቀኝም። እናቴን አያውቋት፣ አላለቀሱልኝ። ለመከራከር ያህል አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ ለመከራከር ያህል አልኩ እንጂ ከልቤ ነበር።

«ፈጣሪን የማይጠራ ሰው ነገ ይህን ዝርዝር ቢቀደው ማንን ይፈራል?»

ወይዘሮ ትርሲት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል፤ እሳቸውም እንቅልፍ ያጡ ናቸው።

«እርስዎን» አሉኝ። «ማኅተሙ ያለው በእርስዎ እጅ አይደለም እንዴ? አጥብቀው ይያዙት። የምለምንዎት ይህን ብቻ ነው።»

ሚዛኑን አየሁት። በአንዱ ወገን ያ ከባድ ጆንያ አለ፤ የእናቴ ስም ከውስጡ እየተሰማ። በሌላው ወገን የወረቀት ክምር አለ፤ ነፋስ እያንቀሳቀሰው። ከኋላ ሰልፉ ማጉረምረም ጀምሯል። ፀሐዩ አናቴን ይጠብሰኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ሰዓት ያሰብኩት ስለ አገር አልነበረም። ማኅተሙን በየዓመቱ አጥብቆ መያዝ፣ በየዓመቱ ዝርዝር ማንበብ፣ በየዓመቱ መጠርጠር ምንኛ እንደሚያደክም ነው ያሰብኩት። አንድ ደግ ሰው ተረክቦኝ ቤቴ ገብቼ ጋደም ብል ብዬ ተመኘሁ።

እናም ለአቶ ሕሩይ ግማሽ ማኅተም መታሁላቸው። ክቡን ማኅተም አዘንብዬ ግማሹን ብቻ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። ከግማሽ ማኅተም ምን ይመጣል ብዬ ነው። አህያዋ አየችኝና ሰልፉን ጥላ ሄደች።

ወዲያው ቤቴ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ጋደም ልል ወደ መኝታዬ ስጠጋ አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ሠራተኛ ተቀምጧል። ሌላው የእህል ማስቀመጫው ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ይጽፋል። የውኃ ኃላፊው ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነው። ሁሉም ጫማቸውን አውልቀው በር ላይ ደርድረውታል፤ ሁሉም ዝግ ባለ ድምፅ መዝሙር ይዘምራሉ። ድምፃቸው ያምራል። ይህን ያህል ትሑት ሰዎች ቤቴ ገብተው አያውቁም።

«አይጨነቁ አባታችን» አለኝ አልጋው ላይ ያለው። «ለበረከት ነው የመጣነው። ጸሎትዎን ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያደርሱት?»

«ሲከፋኝ።»

ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየው። «ሲከፋኝ የሚል ሰዓት የለም።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ቢከፋዎትስ?»

ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። እግሬ ወደ ደብሩ ወሰደኝ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም፤ በሩን ተሳልሜ፣ እናቴን አስቤ ልመለስ ነው። የአጥሩ በር ግን በግንብ ተዘግቶ መሐሉ ላይ አንዲት መስኮት ተተክላለች። ከመስኮቷ ጀርባ የተቀመጡት አቶ ሕሩይ ናቸው። ዓይናቸው በእንባ ርሷል።

«መሳለም ፈልጌ ነበር» አልኩ።

«ተራዎ ሐሙስ ነው ጋሽ ወንዳፍራሽ።»

«እናቴን ላስባት ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም።»

«ወለተ ሐናን?» አሉ በርኅራኄ፣ መዝገቡን እየገለጡ። «እሳቸውን መዝግበናቸዋል። ከእንግዲህ የሚታሰቡት በእኛ በኩል ነው። እርስዎ አይልፉ።»

በእናቴ ሞት ጊዜ እንኳ እንዲህ አልሆንኩም። ሰውዬው አልዋሹኝም፤ ክፋትም የለባቸውም። እኔ ነኝ አንድ ሰው በእሷ ስም ሲጸልይ ሰምቼ ስሟን ያስረከብኩት። አሁን በራሴ አፍ ልጠራት ፈቃድ ልጠይቅ ነው።

«ወረቀቱን መልሱልኝ» አልኩ።

«የቱን ወረቀት?»

«ግማሽ ማኅተም የመታሁበትን።»

ከመዝገቡ መሐል አውጥተው አሳዩኝ። ማኅተሙ ሞልቷል። ቀሪውን ግማሽ ማን እንደሞላው አላውቅም። ወረቀቱን ከፍ አድርገው ያዙት፣ እኔም ተንጠራራሁ። ከፍ ሲያደርጉት፣ ስንጠራራ፣ ከፍ ሲያደርጉት፣ በመጨረሻ ሁለቱንም እጆቼን እስከ መጨረሻው ዘርግቼ ወደ ላይ ተወረወርኩ።

ነቃሁ።

ያለሁት በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ሦስተኛው ረድፍ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ። ስብሰባ ተጠርተን ነበር፤ ሙቀቱና ንግግሩ አስተኝተውኛል። በሕልሜ ያየኋቸው አቶ ሕሩይ፣ እውነተኛው ዕጩ፣ መድረኩ ላይ ቆመው ግንባራቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። አጠገባቸው የቆመው ሰውዬ ከወረቀት ላይ ያነባል። «እያንዳንዱ አባወራ የሚጸልይበትን ቦታና ሰዓት ለቀበሌው እንዲያስመዘግብ፣ ይህም ሕዝቡ ራሱ የጠየቀው ሆኖ እንዲያዝ፣ የምትደግፉ።»

አዳራሹ በተነሣ እጅ ተሞልቷል። አንዲት ባጅ ያንጠለጠለች ወጣት በየረድፉ እየዞረች በእስክሪብቶዋ ትቆጥራለች። እኔ ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋን ወደ ቀኝ እጄ ጠቆመች።

«መቶ ስምንት» አለች። ከዚያ ወደ ግራ እጄ። «መቶ ዘጠኝ።»

ሁለቱም እጆቼ እንደተዘረጉ መሆናቸውን ያየሁት ያኔ ነው።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ተኝቼ ነበር» አልኳት።

«ችግር የለውም አባባ» አለች ወደ ቀጣዩ ረድፍ እያለፈች። «ተቆጥሯል።»