የአርዲስ ካርድ በእኔ ፍሪዘር

በየሰፈሩ፣ ዋጋ ቀነሰ ሲባል መቀመጥ የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ሰፈር ድርሻ ጎረቤቴ አርዲስ ቶርቪክ ናት። እኔ ክብርት ወይዘሮ አርዲስ እላታለሁ፤ የከተማችን ሱቆች በሙሉ በእሷ ደመወዝ ስለሚተዳደሩ ክብር ይገባታል።

ውሃ ትፈራለች፣ ታንኳ ግን አላት። ብቻዋን ትኖራለች፣ ስምንት ሰው የሚያስተኛ ድንኳን ግን ገዝታለች። ለምን ስትሏት መልሷ አንድ ነው፦ «ሳልገዛው ብቀር እኮ ነው የምከስረው።» ታንኳውን በግማሽ ዋጋ አገኘችው። ድንኳኑንም። እንዲህ በግማሽ በግማሽ ሲገዛ የክሬዲት ካርዷ ዕዳ ሙሉ ሆኖ ቁጭ አለ።

አርዲስ የምትሠራው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ጉልበቷ አልቋል። ዕዳው ባይኖር ጡረታ ትወጣ ነበር። ባለፈው መኸር ልጇ መጥታ ስልኳ ላይ የተቀመጠውን የካርድ ቁጥር አጠፋችላት። ካርዱንም ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ከትታ፣ ውሃ ሞልታበት፣ በረዶ አደረገችው። በረዶው እስኪቀልጥ የገዢውም ልብ ይበርዳል ነው ነገሩ።

አርዲስ ቤት ግን መዶሻ ነበረ።

ስለዚህ ሁለተኛው በረዶ ወደ እኔ ፍሪዘር ተሰደደ፤ ከዓሣዎቼ ሥር። ስጠኝ ብልህም እንዳትሰጠኝ ብላ አርዲስ ራሷ አስማለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሰላም አጣሁ። ዛሬ ጨው ልበደር ብላ ትመጣለች፣ ነገ ዓሣህ አልተበላሸም ወይ ብላ። ኮቷን ሳታወልቅ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ዓይኗ ፍሪዘሩ ላይ ነው። እስር ቤት ያለ ዘመድ ልትጠይቅ የመጣች ነው የምትመስለው።

ከምስጋና በዓል ማግስት፣ ሱቆቹ ሁሉ ዋጋ በሚጥሉበት ቀን፣ ጠዋት በሬን ደበደበችው። የታንኳ ሞተር በግማሽ ዋጋ ወጥቷል፣ እስከ እኩለ ቀን ብቻ። መሐላዬን ባስታውሳት፣ ያ መሐላ ሞተር አይመለከትም አለችኝ። ተከራክሬ ሲደክመኝ ሳህኑን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። መዶሻዬን ግን ደበቅኩ።

ዙሪያውን ዞረች። ነካችው። ተነፈሰችበት።

«ይኼ ፍሪዘር ነው ወይስ የድንጋይ ፋብሪካ?»

«ጥሩ ፍሪዘር ነው። በሙሉ ዋጋ ነው የገዛሁት።»

የፀጉር ማድረቂያ የለህም ወይ ማለት ጀመረችና መላጣዬን አይታ ተወችው።

ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ሰዓት አየች። የካርዱ ጫፍ ብቅ ሲል ጉልበቷን ይዛ ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለች።

«ሮልፍ፣ እንዳትሰጠኝ ብዬህ አልነበረም?»

«ብለሽኛል።»

«ታዲያ ለምን ሰጠኸኝ?»

«እኔ የሰጠሁሽ በረዶ ነው።»

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ሳህኑን አንስታ፣ የቀለጠውን ውሃ እንኳ ሳታፈስ፣ ራሷ ፍሪዘሩ ውስጥ መለሰችው። ዓሣም ጫነችበት።

ብርዱን ሁሉ እንዲሁ ስትመላለስ ከረመች። ታንኳውንም ድንኳኑንም ሸጠች፣ በግማሽ ዋጋ። የገዛውም ሰው ሳልገዛው ብቀር ነው የምከስረው ሳይል አልቀረም።

የከተማችን ሐይቅ በረዶ ሲቀልጥ መቀስ ይዛ መጣች። ዕዳው አልቋል፣ ለትምህርት ቤቱም እንደምትሰናበት ነግራለች። ካርዱን ቆራረጠችው፣ ሳህኑን አጥባ ደፋችው፣ አመሰግናለሁ ብላ ሄደች።

እፎይ አልኩ። አንድ ሳምንት እፎይ አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት በር የተንኳኳ እየመሰለኝ እነሳ ጀመር። ጨው የሚበደር የለም። ዓሣዬ ተበላሸ አልተበላሸ የሚጠይቅ የለም። እኔም በራሴ ወጥ ቤት ወዲያ ወዲህ ማለት ያዝኩ።

በመጨረሻ የራሴን ካርድ፣ ቤንዚን ስቀዳ ካልሆነ ከኪሴ የማላወጣውን፣ በእሷ ሳህን በረዶ አደረግኩትና ይዤላት ሄድኩ።

«አንተ ደግሞ ምን ዕዳ አለብህ?» አለችኝ። አንድ ካልሲ እንኳ ስትገዛ ታይተህ አታውቅም አለች።

«ለጥንቃቄ ነው» አልኳት።

ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ፍሪዘሯን ከፈተችና የአተር ከረጢቱን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት።

«መዶሻ እንዳለኝ ታውቃለህ።»

«ለዚህ እኮ ነው ነገም መጥቼ የማየው» አልኳት።