አገር ቤት የሚባለው ቤት

ዘንድሮ ልጅ ይዞ መንገድ የሚወጣ ሰው ሻንጣው ከልጁ ይበልጣል። ብስኩት፣ ውኃ፣ መጫወቻ፣ የአንገት ትራስ። ትራሱ ለማን እንደሆነ እንጃ። ልጁ እንደሆነ አይተኛም። በእኛ ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ ልጅ ይዞ መሄድ ማለት ልጁን መያዝ ነበር። በቃ።

ያኔ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እንኖራለን። እኔ ግንበኛ ነኝ። እናቴ ሰላሌ ናት። ሁለቱን ልጆቼን፣ አልማዝንና ግርማን፣ አይታቸው አታውቅም። ከአገር የሚመጣ ሰው ሁሉ «ዓይኔ ሳይጠፋ ልያቸው ብላሃለች» ይለኛል። ዶሮ እንኳ ይዞ አይመጣም፣ ይችኑ ብቻ። እኔ ደግሞ መሳፈሪያ ከየት ላምጣ? ሲሚንቶ ከጠፋ ሰንብቷል። ሲሚንቶ ሲጠፋ ግንበኛም ይጠፋል።

ልጆቹ በበኩላቸው «አባዬ፣ አገር ቤት ውሰደን» ይላሉ። አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ አገር ቤት ሲባል አንድ ቤት ይመስለዋል። ምን ይፈረድበታል? ስሙ ቤት ነው። ትንሹ፣ ግርማ፣ «ጣሪያው ምንድነው?» ብሎ ያዘኝ። ቆርቆሮ ነው አልኩትና ተገላገልኩ።

አንድ እሑድ እንጦጦ ይዣቸው ወጣሁ። እግር መሳፈሪያ አይጠይቅም። አናቱ ላይ ስንደርስ ወደ ሰሜን እያመለከትኩ፣ ከዚያ ሜዳ ማዶ፣ ከተራራው ኋላ፣ አገር ቤት እዚያ ነው አልኳቸው። ግርማ አየ፣ አየና ሜዳው ላይ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ አገኘ። «ያውና» አለ። ይሁን ብዬ ተውኩት። ማስረዳት አይቀናኝም።

ይኼኔ እንጨት የተሸከመች ሴት ከባሕር ዛፉ መሃል ብቅ አለች። ግርማ ሮጦ ፊቷ ቆመ።

«አያታችን ነሽ?»

ሴትዮዋ እኔን አየችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም። ሸክሟን ድንጋይ ላይ አስደገፈችና፣ «ነኝ እንጂ። አባታችሁ ደብቋችሁ ነው» አለች። ሁለቱንም አገላብጣ ሳመቻቸው። መቀነቷን ፈትታ ቆሎ ሰጠቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ፣ እናትህን ሰላም አትልም?»

ልጆቹ ያዩኛል። ምን ላድርግ? ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ሳምኩ። በዕድሜ ብትበልጠኝ በጥቂት ነው። እሷ እቴ፣ ሳቋን በነጠላዋ አፍና መረቀችኝ።

ስንወርድ አልማዝ አኮረፈችኝ። እናትህ እንጨት ተሸክማ አንተ እጅህን እያወዛወዝክ ትወርዳለህ ወይ ነው ነገሩ።

ክረምቱ አለፈ። ጎረቤታችን ሾፌሩ ሰይድ ጨው ጭኖ ወደ ጎጃም ሲሄድ በመንገዱ ሊያደርሰን ፈቀደ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። ልጆቹ ጋቢና ገቡ። እኔ ከጨው ጆንያው ላይ ወጣሁ።

እናቴ ደጅ ቆማ ጠበቀችን። ዓይኗ ገና ያያል። እጆቿን ዘረጋች። ግርማ ከሱሪዬ ኋላ ተደበቀ።

«ይቺ አይደለችም» አለ። «የኛ አያት እንጦጦ ናት። አባዬ ጉልበቷን ስሟል።»

እናቴ እጆቿን እንደዘረጋች ቀና ብላ አየችኝ። ነገሩን ማስረዳት ነበረብኝ። በሕይወቴ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ሰምታ ሰምታ ስጨርስ፣

«ሰው ሚስት ሲለውጥ ሰምቻለሁ» አለች። «እናት የለወጠ ግን አንተን አየሁ።»

ግርማን ስትለማመጠው ሰነበተች። ሰይድ ከጎጃም ሲመለስ ሊወስደን በመጣ ዕለት እንደምንም እቅፏ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው። መኪናው ጥሩምባውን ቢነፋ፣ ቢነፋ፣ አልለቅም አለች።

ዛሬ ልጆቹ የራሳቸው መኪና አላቸው። «አባዬ፣ ተነስ፣ አገር ቤት እንውሰድህ» ይሉኛል። መንገዱ አስፋልት ነው፣ በጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ነው ይሉኛል። የአንገት ትራስም ገዝተውልኛል።

ሄጄስ? ማን ሊሰድበኝ?