እትዬ ቦታው እና የንባብ ክፍሉ ቆጠራ

በየሰፈሩ አንድ ዕቃ መላሽ አለ። ከሌለ ሰፈሩ ገና አልተሟላም ማለት ነው። ሰው ቤት ገብቶ የጨው ዕቃውን ከስኳሩ ይለያል፣ ያዘመመውን ፎቶ ያቃናል፣ ከዚያም ትልቅ ውለታ እንደዋለ ሰው ዘና ብሎ ይቀመጣል። የእኛ ሰፈር ዕቃ መላሽ ክብርት እትዬ ቦታው ናቸው። የወጣላቸው ስም ሌላ ነው። ነገር ግን ማንኪያም ይሁን ካልሲ ወድቆ ሲያገኙ «የዚህ ቦታው የት ነው?» ማለት ስለሚወዱ፣ ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ እላያቸው ላይ ቀረ።

ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መቀስና ፋሻ በመልክ በመልኩ ሲደረድሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ዓለም ራሷ ሳትደረደር ጠበቀቻቸው። ጎረቤታቸው በመሆኔ መከራው መጀመሪያ የደረሰው እኔ ላይ ነው። ደጃፌ ላይ የተበተነውን ጫማ ጥንድ ጥንዱን ሳያሰልፉ እንደምን አደርክ አይሉኝም። መነጽሬን «ቦታው» ካስቀመጡልኝማ አለቀልኝ፤ ግድግዳ እየዳበስኩ ደጃቸው ድረስ ሄጄ ነው የምጠይቀው። አንዴ አብረን ጥርስ ሐኪም ቤት ሄደን፣ ተራ የሚጠብቀውን ሕዝብ እንደ ሕመሙ ክብደት እያስነሱ እንደገና አስቀመጡት። የሚገርመው አንድም ሰው እምቢ አላለም። እኔን መጨረሻ አደረጉኝ።

ታዲያ ክብርነታቸው በየጠዋቱ ሄደው እስኪዘጋ የሚቆዩት ቤተ መጻሕፍት ነው። እኔም ለጋዜጣ ስል ከዚያ አልጠፋም። ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ሲጎተቱ የሚጮኹ ወንበሮች፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ ማንም የማይደፍረው የእትዬ መቀመጫ ያለበት አንድ የንባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ «ያነበቡትን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ይተዉልን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እትዬ ያንን የለጠፈውን ሰው አሳዳጊ የበደለው ይሉታል። ስለዚህ የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የሰውንም እየሰበሰቡ መደርደሪያው ላይ ይመልሳሉ። ውኃ ልትጠጣ ብድግ ያለች ተማሪ ስትመለስ መጽሐፏን አታገኘውም። ልጆቹ ሽንት ቤት ሲሄዱ እንኳ መጽሐፋቸውን በብብታቸው ይዘው መሄድ ጀምረው ነበር።

አንድ ቀን የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ፊቱ አመድ መስሎ አገኘሁት። ቁጣ የማያውቅ፣ ሲናገር እንኳ መጻሕፍቱን እንዳይቀሰቅስ የሚፈራ የሚመስል ሰው ነው። ምን ሆነህ ነው ስለው፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የንባብ ክፍሉን ዘግቶ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሊያደርገው ነው አለኝ፤ የሚጠቀምበት ሰው የለም ተብሎ። ዞር ብዬ አየሁ። መቀመጫ አጥቶ መስኮቱ ደፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አለ።

ነገሩን አስረዳኝ። ሰው ተውሶ ቤቱ የሚወስደው መጽሐፍ ሲመዘገብ ይቆጠራል። እዚሁ የሚነበበው ግን የሚቆጠረው ማታ ሲዘጋ ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ ሲገኝ ነው። ሲዘጋ ደግሞ ጠረጴዛው ሁልጊዜ ምላስ የላሰው ይመስላል። ይሄም ወር እንደዚያው ካለቀ በሩ ይታሸጋል። ታዲያ ለምን ለእትዬ አትነግራቸውም አልኩት። «በምን አፌ?» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። «ስወለድ የተቀበሉኝ እኮ እሳቸው ናቸው።»

ጣጣው እኔ ላይ ወደቀ። ወደ ቤት ስንመለስ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው። እትዬ መሐል መንገድ ላይ ቆሙ። እንደዚያ ሲከፋቸው አይቼ አላውቅም።

«እና ያን ሁሉ ልጅ እንዳልነበረ ያደረግሁት እኔ ነኝ?» አሉ። ደግሞም፣ «እኔ ቤት እኮ ሁሉም ነገር በቦታው ነው። ነካ የሚያደርገው ሰው የለም። ያ ክፍል ከተዘጋ ጠዋት ተነሥቼ የት እሄዳለሁ?»

አንጀቴን በሉት።

በማግሥቱ ክብርነታቸው ማንበባቸውን ጨርሰው ተነሡ። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ተዉት። ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ተመለሱ፤ ሠራተኛው ዓይኑን ጨፈነ። እትዬ መጽሐፉን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እኩል አድርገው ገፋ አደረጉትና፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ወጡ።

ወሩን እንዲህ ገፉት። እንዲያውም ባሰባቸው። መጽሐፍ ሊመልስ የተነሣ ተማሪ ካዩ «ወዴት? ቦታው እዚህ ነው» ብለው ያስቀምጡታል። ሠራተኛው ቆጥሮ ለመጨረስ ማምሸት ጀመረ። ዋናው መሥሪያ ቤት ቁጥሩን ሲያይ ክፍሉን መዝጋቱን ተወው፤ ጭራሽ የተሰበሩትን ወንበሮች አስጠግኖ ላከልን።

ችግሩ እትዬ መተዉን ለመዱት። ቤቴ ሲመጡ ምንም አይነኩም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው እንደ እንግዳ ቁጭ ይላሉ። መነጽሬም ያስቀመጥኩበት ይገኛል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቤቱ ቀዘቀዘብኝ።

ባለፈው እሑድ የሚመጡበትን ሰዓት ጠብቄ ያለኝን ጫማ ሁሉ፣ የክረምቱን ቦቲ ሳይቀር፣ አውጥቼ በሩ ላይ በተንኩት። እትዬ መጡና ቆሙ። ጫማዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ። ጣቶቻቸው አላርፍ አሏቸው።

«ይሄስ ይቆጠራል?» አሉኝ።

«አይቆጠርም፣ እትዬ።»

ቦርሳቸውን አቀበሉኝና ጎንበስ አሉ።